ለስኩዊረል ግልገሎች ምን ልግዛ? የሲሪንጅ፣ የዱቄት ወተትና የማሞቂያ ግምገማ

ስኩዊረል የሚባለውን ጅራተ ፀጉራም የዛፍ እንስሳ እናት አልባ ግልገሎች ለማሳደግ ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ መጀመሪያ ጥሩ ሲሪንጅ ግዙ። ወተቱ ሁለተኛ ነው፤ ማሞቂያው ሦስተኛ። የሚያማምረው ጎጆና መጫወቻ ይቆይ፣ ጨርሶ ባይገዛም ግልገሎቹ አይጎዱም።

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ስኩዊረሎቹን በቤቴ የምንከባከበው በበጎ ፈቃድ ሲሆን ክፍለ ግዛቱ ያወጣው ፈቃድ አለኝ። እዚህ ያለፈቃድ የዱር እንስሳ ቤት ውስጥ ማሳደግ በሕግ የተከለከለ ነው። ጀማሪም ብቻውን አይገባበትም፤ ልምድ ካለው ባለፈቃድ ሥር ሆኖ ነው የሚማረው። እኔን ያስተማሩኝ ሴትዮ ከሁሉ በፊት ያሳዩኝ ሲሪንጅ አያያዝ ነበር፤ እስካሁንም እጄ የሚሠራው በእሳቸው ልክ ነው። ደመወዝ የለውም። ወተቱም፣ መብራቱም፣ ቤንዚኑም ከራስ ኪስ ነው። ስለዚህ የቱ ዕቃ ዋጋውን እንደሚያወጣ መነጋገር ያስፈልገናል።

ሲሪንጁ ላይ ልቆይ። ከፋርማሲ የሚገኘው ተራ ሲሪንጅ የመግፊያው ጫፍ ጥቁር ጎማ ነው። አዲስ እያለ ጥሩ ይሄዳል። በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ ሲታጠብ ግን ጎማው ይደርቅና ግድግዳው ላይ ይይዛል። ሲገፉት እምቢ ይላል፤ ትንሽ ኃይል ሲጨምሩበት ደግሞ በአንድ ጊዜ ተስፈንጥሮ ይሄዳል። 30 ግራም ለሚመዝን ግልገል ያ አንድ ግፊት አፍ ሙሉ ወተት ነው። በአፍንጫው አረፋ ይወጣል፣ የቀረው ወደ ሳንባ ይወርዳል፣ ከዚያ የሚመጣው የሳንባ ምች ነው። በእጅ የሚያድጉ ግልገሎችን ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

ባለ ኦሪንግ የሚባለው ሲሪንጅ በጎማው ፋንታ ቀጭን የሲሊኮን ቀለበት አለው። መግፊያው ሳይንተፋተፍ፣ አውራ ጣት በፈለገው መጠን ብቻ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ታጥቦም ልስላሴው አይጠፋም። ፀጉር ላላበቀሉት ባለ 1 ሚሊ ሊትሩን፣ አደግ ላሉት ባለ 3 እና ባለ 5 ሚሊ ሊትሩን እጠቀማለሁ። ትልቅ ሲሪንጅ ቶሎ ቶሎ መሙላትን ያስቀራል ብላችሁ ለትንሽ ግልገል አትያዙ፤ መጠኑን መቆጣጠር ይከብዳል። ዋጋው ከተራው ይበልጣል፣ ግን ብዙ አይደለም። ከገዛኋቸው ዕቃዎች ሁሉ ያለማመንታት ደግሜ የምገዛው እሱን ነው።

ሲሪንጁ ጫፍ ላይ የሚገባው ትንሽ የሲሊኮን ጡት ሚራክል ኒፕል ይባላል። ግልገሉ በከንፈሩ ይዞት በራሱ ኃይል ይጠባል፤ ጡት በሌለው ሲሪንጅ ስትመግቡት ግን የምታፈሱለት እናንተ ናችሁ። ልዩነቱ ከጥቂት ቀን በኋላ ክብደታቸው ላይ ይታያል፤ የሚጠባ ግልገል ተረጋግቶ ይበላል። ቀዳዳውን ተጠንቀቁ። ሲሪንጁን ወደ ታች ሲይዙት ወተቱ በራሱ የሚንጠባጠብ ከሆነ ቀዳዳው ሰፍቷል፣ ጣሉት። ግልገሉን በጀርባው አስተኝታችሁ ወተት አትስጡት፤ በፎጣ ጠቅልላችሁ፣ ደረቱን ወደ ታች፣ ራሱን ትንሽ ቀና አድርጋችሁ ያዙ። በአፍንጫው ወተት ከወጣ ወዲያው አቁሙ፣ ራሱን ወደ ታች ዘንበል አድርጋችሁ ጥረጉለት፣ አተነፋፈሱ እስኪስተካከል ጠብቁ።

ወተቱ። የምጠቀመው ፎክስ ቫሊ ዴይ ዋን 32/40 የሚባለውን ዱቄት ነው። ቁጥሮቹ ፕሮቲኑ 32 በመቶ፣ ስቡ 40 በመቶ መሆኑን ይናገራሉ። ዓይናቸውን ከከፈቱ በኋላ ደግሞ ቀስ በቀስ ወደ 20/50 አዛውራቸዋለሁ፤ በዚያ ዕድሜ ስቡ ከፍ ማለት አለበት። የስኩዊረል እናት ወተት በስብ የበለጸገ ስለሆነ የላም ወተት ምትኩ ሊሆን አይችልም። ይህን ደጋግሜ የምለው ከራሳችን ሰዎች ብዙ ስልክ ስለሚደርሰኝ ነው። «እህቴ፣ ራበው ብዬ ትንሽ የላም ወተት በማንኪያ ሰጠሁት» ይሉኛል። አዝነው ነው፣ ልባቸው ንጹሕ ነው። ግን የላም ወተት ያስቀምጠዋል፣ ተቅማጡ ደግሞ ያንን ትንሽ ሰውነት በአንድ ቀን ያደርቀዋል። ማንኪያውም እንደ ተራው ሲሪንጅ ያንቀዋል።

ዱቄቱን አንድ እጅ በሁለት እጅ ሙቅ ውሃ በጥብጬ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ዱቄቱ ውሃውን እስኪጠጣ ጊዜ ይፈልጋል፤ እንደተበጠበጠ ከተሰጠ ሆዳቸውን ይነፋል። ጠዋት የሚበቃውን ብቻ በትንሽ ኩባያ ቀድቼ ኩባያውን ሙቅ ውሃ ላይ አስቀምጣለሁ። ማይክሮዌቭ አንዱን ቦታ አፍልቶ ሌላውን ቀዝቃዛ ስለሚተወው አልጠቀምበትም። ያልተበጠበጠው ዱቄት ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጥ፤ ስብ የበዛበት ነገር ቶሎ ይበላሻል። አነስተኛውን ከረጢት ግዙ፤ ትልቁ በሂሳብ ይረክሳል፣ አንድ ሰው ግን በአንድ ወቅት አይጨርሰውም።

ምን ያህል ይጠጣ ለሚለው ግራም የሚያሳይ የወጥ ቤት ሚዛን የግድ ያስፈልጋል። ሆዳቸው የሚይዘው ከክብደታቸው 5 በመቶ ያህል ነው፤ 60 ግራም የሚመዝን በአንድ ጊዜ 3 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። በየጠዋቱ ከምግብ በፊት መዝኜ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ርካሹ ሚዛን ይበቃል፣ አንድ ግራም እስከለየ ድረስ። ፀጉር ያላበቀሉት በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር ይመገባሉ። ከምግቡ ጋር ደግሞ ለብ ባለ ውሃ በራሰ ጥጥ ታች ታቻቸውን ማሸት አለባችሁ፤ በዚያ ዕድሜ እናታቸው ካልላሰቻቸው መሽናት አይችሉም።

አዲስ የመጣ ግልገል ግን ወዲያው ወተት አይሰጠውም። ቀዝቅዞ ከሆነ መጀመሪያ ይሞቃል፤ የቀዘቀዘ ሆድ ምግብ አይፈጭም። ሲሞቅ ፔዲያላይት ይሰጠዋል፤ አገር ቤት ለተቅማጥ ከምንሰጠው ለምለም ጋር አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠራ ነው። ወተቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ እሱም በመጀመሪያ ቀጥኖ።

ማሞቂያ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ለወገብ ሕመም ተብለው የሚሸጡት የኤሌክትሪክ ንጣፎች ብዙዎቹ ሁለት ሰዓት ያህል ሠርተው ራሳቸውን ያጠፋሉ። የገዛሁት አንዱ ይህን የሚናገረው ከሳጥኑ ሥር በደቃቅ ፊደል ነበር። ለሰው ደኅንነት የተደረገ ስለሆነ ክፉ ዕቃ አይደለም፤ ለእኛ ሥራ ግን አይሆንም። «አውቶማቲክ ማጥፊያ የለውም» ወይም ማጥፊያው የሚዘጋ የሚል ፈልጉ። በዝቅተኛው ሙቀት አድርጋችሁ ከሳጥኑ ግማሽ ሥር ብቻ አንጥፉት፤ የሞቀው ወደ ቀዝቃዛው ጎን እንዲሸሽ። ኢንኩቤተር ያላቸው ጓደኞች አሉኝ፣ ሙቀቱን በእርግጥም እኩል ይይዛል። ነገር ግን ጥቂት ግልገል ለሚይዝ ሰው ዋጋው አይመጣጠንም፤ ያንን ገንዘብ ከመለቀቃቸው በፊት ወደሚቆዩበት የውጭ ጎጆ አዙሩት።

ጡት ሲተዉ፣ ማለትም 10 ሳምንት ገደማ፣ ዋናው ምግባቸው ለስኩዊረል ተብሎ የተዘጋጀ ካልሲየም ያለው ብሎክ፣ ማለትም ተጨምቆ የደረቀ ምግብ ይሁን። ሄንሪስ የሚባለውን እወደዋለሁ፤ ግልገሎቹም ሳይለማመጧቸው ይበሉታል። ለውዝ ብቻ የበላ ስኩዊረል አጥንቱ ይሳሳል፣ እግሩ ይታጠፋል፤ ያንን ያየ ሰው የለውዝ ከረጢት በፍቅር ስም አይሰጥም።

ለውጭው ጎጆ የዶሮ ሽቦ አትግዙ። ራኩን የሚባለው አውሬ ይቀደዋል፣ ስኩዊረሉም ያኝከዋል። ግማሽ ኢንች ቀዳዳ ያለው ጠንካራ የብረት መረብ ይሻላል፣ ወለሉም ጭምር በእሱ ይሸፈን፤ አይጥና እባብ ከታች ይገባሉና። ግልገሎቹ እዚያ ውስጥ ሳምንታት ቆይተው መዝለልና መደበቅ ይለምዳሉ፣ የሰው ሽታም ይርቃቸዋል። የሚለቀቁት ከ12 እስከ 14 ሳምንት ሲሞላቸው ነው፣ አብረው ያደጉት በአንድነት።

ይህ ሁሉ ዕቃ ግን የሚያስፈልገው እናት ከጠፋች ብቻ ነው። ዛፍ ተቆርጦ ጎጆው ከወደቀና ግልገሉ ካልቆሰለ፣ ሙቅ ውሃ ያለበት ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከእሱ ጋር ክፍት ሣጥን ውስጥ አድርጋችሁ ከዛፉ ሥር አስቀምጡት። ልጆችንና ውሻን አርቁ፣ እናንተም ራቅ ብላችሁ ተመልከቱ። ስኩዊረል እናት ሌላ ጎጆ ይኖራታል፤ አንድ በአንድ በአፏ ይዛ ትወስዳቸዋለች። ሰው ነክቷቸዋል ብላ አትተዋቸውም። ሊመሽ ሲል ካልመጣች ወይም ድመት ነክሶት ከሆነ ባለፈቃድ ዘንድ ደውሉ። ዌይንስቦሮ የሚገኘው ከ1982 ጀምሮ የሚሠራው የቨርጂኒያ የዱር እንስሳት ማዕከል ሐኪም ያለው ሆስፒታል ነው፤ ማን ዘንድ መሄድ እንዳለባችሁም ይነግሯችኋል።

ግራጫዎቹ ስኩዊረሎች በዓመት ሁለት ጊዜ ይወልዳሉ፤ መጀመሪያ በፌብሩዋሪና በማርች፣ ቀጥሎ በኦገስትና በሴፕቴምበር። ሁለተኛው ከአውሎ ነፋሱ ወቅት ጋር ስለሚገጥም ነፋስ ባለፈ ማግስት ስልኩ አያቆምም። ባለ ኦሪንጉን ሲሪንጅና ዱቄቱን ከሰፈር ሱቅ አታገኙም፣ በፖስታ ነው የሚመጣው። ለመጀመሪያው ወቅት በጃንዋሪ፣ ለሁለተኛው በጁላይ እዘዙ።