ለልጆቻችን ስፌት ላስተማሩልን እናት ምስጋና፤ ለእናንተም ጥቆማ

ሰላም እንዴት ናችሁ ወገኖች። ሜሪላንድና አካባቢው ሆናችሁ ልጆቻችሁን ቤት የምታስተምሩ ካላችሁ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ቤት ባታስተምሩም ልጆቻችሁ በእጃቸው አንድ ነገር ሠርተው እንዲያዩ የምትፈልጉ ከሆነ አንብቡት።

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለልጆች የሰፌድና የሙዳይ ስፌት፣ ፈትልና ትንሽ ሽመና የሚያስተምሩ አንዲት እናት አሉ። ልጆቻችን «እማማ» ይሏቸዋል። ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ እኔም እዚህ እማማ እያልኩ ልቀጥል። ስለእሳቸው ልጽፍ መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ። «ጻፊ፣ ግን አታጋኚው» ብለውኛል። ሳላጋንን እጽፋለሁ።

ነገሩን ለማታውቁ በአጭሩ ላስረዳ። በሜሪላንድ ልጁን ቤት ማስተማር የሚፈልግ ወላጅ ከመጀመሩ ቢያንስ 15 ቀን ቀደም ብሎ ለአካባቢው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ያሳውቃል። ከዚያ 8 የትምህርት ዓይነቶችን በመደበኛነት ማስተማር አለበት። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ኅብረተሰብ፣ ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ ጤናና የሰውነት ማጎልመሻ ናቸው። በካውንቲው ክትትል ሥር ለምናስተምር የልጁ ሥራ በማኅደር ተሰብስቦ ይቀመጣል፤ ገምጋሚው በዓመት እስከ 3 ጊዜ ሊያየው ይችላል። ማኅደሩ ውስጥ የሚገባው የፈተና ወረቀት ብቻ አይደለም። ልጁ በእጁ የሠራው ነገርም ይቆጠርለታል።

ብዙዎቻችን ሒሳቡንና ንባቡን እንደምንም እንወጣዋለን። የሚከብደን ሥነ ጥበቡ ነው። ቀለሙን፣ ማጣበቂያውን፣ በየወሩ በሳጥን የሚመጣውን የእጅ ሥራ ሁሉ ሞክረናል። መጥፎ አልነበረም። ግን ሁሉም ነገር ተለክቶ፣ ተቆርጦ፣ አልቆ ነው የሚመጣው። ለልጁ የሚቀረው ማጣበቅ ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል፤ በሳምንቱ ማን የት እንደጣለው አይታወቅም።

እማማ ጋ ያለው ሌላ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ልጆቹ ስፌት ሊጀምሩ ተሰናድተው ሲጠብቁ እማማ አንድ አሮጌ ሰፌድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ጠርዙ የተበላ፣ መሃሉ የሳሳ። «ፍቱት» አሏቸው። ልጆቹ ተያዩ። ዕቃ አታበላሹ እንጂ አፍርሱ ተብለው አያውቁም። በመጨረሻ ትልቋ ልጄ አንዱን ጫፍ ይዛ መተርተር ጀመረች። ዙር በዙር ሲፈታ ውስጡ ታየ። መሃል ላይ ቀጭን የሣር ጥቅል አለ። በላዩ ሌላ ሣር ተጠምጥሞበታል። እያንዳንዱ ጥምጥም ደግሞ በወስፌ ተወግቶ ከበፊቱ ዙር ጋር ተያይዟል። ከመሃል ይነሳል፣ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ሰፌድ ይሆናል። ማንም ሳያብራራላቸው ገባቸው። እኔ እናቴ ቤት ሰፌድ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ውስጡን ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

አገር ቤት ቢሆን መስከረም ሲጠባ ስንደዶው ይለቀማል፣ አክርማው ይሰበሰባል፣ ይደርቃል፣ ቀለም ተነክሮ አለላ ይሆናል። እዚህ ሣሩ ከየት ይመጣል? ከውጭ የሚገባ ማንኛውም የዕፅዋት ነገር ኤርፖርት ላይ ለጉምሩክ መነገር አለበት፤ ሊወሰድም ይችላል። እማማ በዚህ አይጨነቁም። ለውስጡ ጥቅል ወፍራም የጥጥ ገመድ፣ ለላዩ ራፊያ ይጠቀማሉ። ራፊያ ከዘንባባ ዓይነት ቅጠል የሚገኝ ነው፤ የእጅ ሥራ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ አለ። መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፉታል፤ ደርቆ ከተሰፋ ይሰነጠቃል። ከአገር ቤት የቀረቻቸው አንዲት እስር አክርማ አለች። እሷ አትነካም፤ ልጆቹ እንዲያሸቷትና እንዲዳስሷት ብቻ ነው የምትወጣው።

ወስፌው ጫፉ የሾለ ነው። ስለዚህ ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይዘውም። ይህ የእማማ ሕግ ነው፤ ማንም ወላጅ ቢለምናቸው አይሰሙም። ለትንንሾቹ ጫፉ ደብዛዛ የሆነ የፕላስቲክ መርፌ ይሰጧቸዋል።

ከባዱ መነሻው ነው። የጥቅሉን ጫፍ አጥፎ ትንሽ ክብ ማድረግ፣ ከዚያ ሳይላላ መጠምጠም ያስፈልጋል። ልጄ እዚህ ላይ አለቀሰች። የእማማን አስተማሪነት ያየሁት ያኔ ነው። ሥራዋን ተቀብለው አልጨረሱላትም። ዓይናቸው ሌላ ልጅ ላይ ሆኖ አውራ ጣታቸውን በስፌቱ ላይ አስኬዱና የላላችውን ቦታ በጣታቸው አገኟት። «ይቺ ጋ ነች። እስከዚች ፍቺ» አሏት። ከዚያ የራሳቸውን ሥራ አንስተው አንድ ዙር መፍታት ጀመሩ። «እኔም እዚህ ጋ ላልቶብኛል» አሉ። ጎን ለጎን ሆነው ፈቱ፤ ጎን ለጎን ሆነው እንደገና ሰፉ። «ሳብ! ደግሞ ሳብ! በቃ፣ አሁን ተይው።» ልጄ አሁን በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች የላላውን ራሷ ትፈልጋለች። ማንም ሳይነግራት ትፈታለች። ሒሳብ ላይ አንድ መልስ ስትስት ደብተር የምትዘጋ ልጅ ነበረች።

ሒሳብ ካነሳሁ አይቀር ይቺን ልንገራችሁ። እማማ እያንዳንዱን ዙር በክር ይለካሉ። ለሚቀጥለው ዙር ምን ያህል ራፊያ እንደሚበቃ የሚያውቁት በዚያ ነው። ልጄ የለካችባቸውን ክሮች እየቆረጠች ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ክሮቹ በእኩል መጠን እየረዘሙ ይሄዳሉ። ዙሩ ትንሽ ሆነ ትልቅ ጭማሪው ያው ነው። ለምን? ቤት ገብተን በማስመሪያ ለካነው። የጥቅላችን ውፍረት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ዙር ሲጨመር በግራም በቀኝም ግማሽ ግማሽ ይጨምራል፤ ስለዚህ የክቡ ዲያሜትር በ1 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ዙሪያው ደግሞ በ3.14 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል ማለት ነው። በክሩ ላይ የወጣው ከ3 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ያለፈ ነው። ይህን 3.14 የተባለ ቁጥር፣ ፓይን፣ መጽሐፍ ላይ ስታየው ኖራለች፤ በእጇ የያዘችው ግን ያን ቀን ነው። በሳምንቱ ሮጣ ሄዳ ለእማማ ነገረቻቸው። «እሱንማ እኔ በክር ነው የማውቀው» አሏት። ከዚያ ጌጡን ማውጣት ሲጀምሩ ክቡን 8 ቦታ እኩል መክፈል መጣ። ክፍልፋይ ለማስተማር ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አላስፈለገኝም።

ወንዱ ልጄ 9 ዓመቱ ነው። መጀመሪያ «ስፌት የሴት ነው» ብሎ አኮረፈ። እማማ አልተከራከሩትም። አንድ ካርቶን ወስደው ከላይና ከታች ጥርስ ጥርስ አወጡለትና ክር ወጠሩበት። «ይሄ ድሩ ነው። ማጉን አንተ ታስገባለህ። እኛ አገር ሸማኔው ወንድ ነው» አሉት። አንዱን ክር በላይ፣ አንዱን በታች እያደረገ ጠበብ ያለች መቀነት ነገር ሠራ። ለአያቱ በቪዲዮ አሳያት፤ እልልታዋ ቤቱን ሞላው። ከዚያ በራሱ ጊዜ ወደ ስፌቱ መጣ። አሁን የእርሳስ ማስቀመጫ ሙዳይ እየሰፋ ነው። ክዳኗ አልገጥም ብሎት ስንት ጊዜ እንደፈታው እሱ ይወቀው።

ጥጡ ለብቻው ይነገርለት። እማማ ባልተዳመጠ ጥጥ ነው የሚጀምሩት። ልጆቹ መጀመሪያ ፍሬውን በጣታቸው ያወጣሉ። ፍሬው ጥጡ ላይ ሙጭጭ ይላል፤ አንዲት እፍኝ ጥጥ ለማጽዳት ስንት ሰዓት ይፈጃል። ሲሰለቻቸው ነው መዳመጫው የሚወጣው። ለስላሳ ድንጋይና የብረት ዘንግ ነው። ዘንጉን ጥጡ ላይ ሲያንከባልሉት ፍሬው ተጨምቆ ይወጣል። ልጆቹ ጮኹ! ከዚያ በትንሽ ደጋን ይነደፋል፤ ቀጥሎ እንዝርት ነው። ክሩ ይበጠሳል፣ ይቀጠላል፣ ይበጠሳል። አንዱ ጋ ወፍራም፣ አንዱ ጋ ቀጭን የሆነች ልቃቂት ይዘው ነው ቤት የገቡት።

በዚያው ሰሞን የአሜሪካ ታሪክ ላይ ኤሊ ዊትኒ ጋ ደርሰን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1793 የሠራው የጥጥ መዳመጫ ማሽን ምን እንዳቀለለ ለልጆቼ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ጣታቸው ያውቀዋል። ማሽኑ ፍሬ ማውጣቱን ስላፋጠነ በደቡብ ግዛቶች የጥጥ እርሻው ተስፋፋ። እርሻው ሲስፋፋ በባርነት የተያዙትም ሰዎች በዙ። ልጄ ትንሽ አሰበችና «ማሽኑ ፍሬውን እንጂ ከተክሉ ላይ ለሚለቅሙት ሰዎች ምንም አላገዘም» አለች። መጽሐፉን ብቻ አንብበን ቢሆን እዚህ የምትደርስ አይመስለኝም።

ትምህርቱ ሲያልቅ ዕቃ እየሰበሰቡ እማማ ያወራሉ። እንቅብ ለምን እንደሚሆን፣ አገልግል በቆዳ የሚለበጠው ለምን እንደሆነ፣ ሐረር ውስጥ ሴቶቹ የሰፉት ሁሉ የቤቱ ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀል ይነግሯቸዋል። በእንግሊዝኛ ስለማያስተምሩ ልጆቹ ሳያውቁት አማርኛቸው ተፍታቷል።

አሁን ማወቅ ያለባችሁን ልንገራችሁ። በአንድ ቡድን ከ6 ልጅ በላይ አይቀበሉም። የሚያስተምሩት በሥራ ቀን ጠዋት ነው፤ እሑድና በዓላት አይሠሩም። መኪና ስለማይነዱ የሚወስዳቸውና የሚመልሳቸው ያስፈልጋል፤ እኛ ተራ አውጥተናል። ክፍሉም በየቤታችን በተራ ነው። ወላጅ ልጁን ጥሎ አይሄድም፤ አብሮ ይቀመጣል፣ ቢፈልግ ይሰፋል። ልጁ በየሳምንቱ አንድ ያለቀለት ነገር ይዞ እንዲመጣ የምትፈልጉ ከሆነ ይህ ትምህርት አይሆናችሁም። አንዲት ትንሽ ሌማት ወራት ትፈጃለች። ለማኅደሩ ደግሞ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። በየሳምንቱ ሥራውን ከማስመሪያ አጠገብ አስቀምጬ ቀን ጽፌ ፎቶ አነሳለሁ። ልጆቹ ከሥሩ ምን እንደሠሩና ምን እንደከበዳቸው ጥቂት መስመር ይጽፋሉ። ሥነ ጥበብም፣ ሒሳብም፣ ጽሕፈትም በአንድ ገጽ ይወጣል።

ስለ ክፍያ አንድ ነገር ከልቤ ልናገር። ለፒያኖ አስተማሪ የተጠየቅነውን ዝም ብለን እንከፍላለን። የራሳችን ባለሙያ ጋ ስንደርስ «ለወገን ቀንሺ፣ ለወገን ቀንስ» እንላለን። አገራችን ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪውን በሥራው ስትሰድብ ኖራለች። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። የእማማ ዋጋ ተመጣጣኝ ነው፤ ራፊያውንና ገመዱንም ከራሳቸው ነው የሚያመጡት። እባካችሁ አትከራከሯቸው። መቅረት ካለባችሁም ቀደም ብላችሁ ንገሯቸው፤ የሰው መኪና ጠብቀው ነው የሚወጡት።

እማማ፣ ይህን ልጅዎ እንደምታነብልዎት አውቃለሁ። እጅዎ ይባረክ። ልጆቼ ሲያለቅሱ ስላልቸኮሉባቸው፣ ሲያስቸግሩም ስላልተቆጧቸው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

ሁለተኛ ቡድን ከመስከረም ጀምሮ ሊከፍቱ ነው። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የልጃችሁን ዕድሜ፣ የምትኖሩበትን ሰፈርና የሚመቻችሁን ቀን ጨምሩበት፤ ለእሳቸው አደርሳለሁ፤ ራሳቸው ይደውሉላችኋል።