ባለ አንድ ቁልፉ ፍሉት ከስምንት ወር በኋላ፦ ቪቫልዲን በባሮክና በዘመናዊ መሣሪያ መጫወት

ከስምንት ወር ገደማ በፊት የገዛሁት መሣሪያ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ይሠራ የነበረው ታናሹ ቶማስ ስታንስቢ ካበጃቸው ፍሉቶች አንዱን መነሻ አድርጎ በፕላስቲክ የተቀዳ የባሮክ (ከ1600 እስከ 1750 አካባቢ የነበረው የአውሮፓ ሙዚቃ ዘመን) ፍሉት ነው። ሙዚቀኞች ትራቬርሶ ይሉታል። በጣት የሚደፈኑ ስድስት ቀዳዳዎችና አንድ ቁልፍ ብቻ አሉት፤ ላ የሚለው ኖታም 415 ኸርዝ ላይ ተቃኝቷል። የገዛሁት ለአንድ የተለየ ዓላማ ነበር፦ ለዓመታት በዘመናዊው የብር ፍሉት ስጫወታቸው የኖርኩትን የቬኒሱን አቀናባሪ የአንቶኒዮ ቪቫልዲን ስድስት የፍሉት ኮንቼርቶዎች (አንድ መሣሪያ በኦርኬስትራ እየታጀበ የሚጫወታቸው ድርሰቶች)፣ ማለትም በ1729 አካባቢ አምስተርዳም ላይ ኦፐስ 10 (የኅትመት ቁጥር 10) ተብለው የታተሙትን፣ በታተሙበት ዘመን በነበረው ዓይነት መሣሪያ ለመሞከር። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ኖታዎቹን ደግሞ በዶ፣ ሬ፣ ሚ እጠራቸዋለሁ።) ስለዚህ ይህ ግምገማ ስለ ዕቃው ጥራት ብቻ ሳይሆን፣ ዕቃው በሙዚቃው ላይ ስላሳየኝ ነገርም ጭምር ነው።

ከዕቃው ልጀምር። ከእንጨት በእጅ የሚሠራ ጥሩ የባሮክ ፍሉት ከሺህ ዩሮ በእጅጉ የሚያልፍ ዋጋ ሲያወጣ፣ ይኸኛው በጥቂት መቶ ዩሮ ይገኛል። የእንጨቱ ፍሉት አዲስ ሳለ በቀን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ እየተነፋ መላመድ፣ በየጊዜው ዘይት መቀባት፣ ከደረቅ አየርና ከድንገተኛ ሙቀት መጠበቅ አለበት፤ አለበለዚያ ሊሰነጠቅ ይችላል። ፕላስቲኩ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። ክረምቱን በሙሉ ማሞቂያ ባደረቀው ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ምንም አልሆነም፤ ቅኝቱም ከተገዛበት ዕለት አልተለወጠም። በሌላ በኩል ፕላስቲክ እርጥበት ስለማይመጥ የትንፋሹ ጠል ውስጡ ይጠራቀምና ረዘም ያለ ልምምድ ሲደረግ ወደ ጣት ቀዳዳዎቹ ይወርዳል። በአንድ ረጅም ቀስተኛ ክፍል መካከል ኖታ በውኃ ምክንያት ሲቆራረጥ መስማት ደስ አይልም፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ክፍል በኋላ ውስጡን በጨርቅ መጥረግ ግድ ሆኗል። የቁልፉ ስፕሪንግም ከጥቂት ወራት በኋላ ላልቶ ቁልፉ ቀዳዳውን በደንብ መግጠም ተወ፤ በዚህም ምክንያት ዝቅተኛው ሬ ትንፋሽ ብቻ ሆነ። ጥገናው ቀላል ነበር፤ ሆኖም በመሣሪያው ላይ ያለው ብቸኛ ተንቀሳቃሽ አካል ከዚህ የተሻለ ትኩረት ይገባው ነበር እላለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልለፍ። ዛሬ በየኦርኬስትራው የምናየው ፍሉት መሠረቱ የሙኒኩ ቴዎባልድ ቦም በ1847 ያወጣው መሣሪያ ነው። ከራስጌው በስተቀር ቱቦው ወጥ ስፋት አለው፤ ቀዳዳዎቹ ሰፋፊ ናቸው፤ የተበጁትም ጣት በሚደርስበት ቦታ ሳይሆን የድምፅ ስሌት ባዘዘው ቦታ ስለሆነ፣ ጣትን ከቀዳዳ ጋር የሚያገናኙት ቁልፎቹ ናቸው። ከዚህም የተነሣ ሁሉም ግማሽ ድምፆች ከታች እስከ ላይ በእኩል ጉልበትና በእኩል ጥራት ይወጣሉ። የባሮኩ ፍሉት ግን ቱቦው ወደ እግሩ እየጠበበ ይሄዳል፤ ቀዳዳዎቹም ጣት ራሱ የሚደርስባቸው ናቸው። ዋሽንት የነፋ ሰው ጣትን በባዶ ቀዳዳ ላይ ማሳረፍና ቀዳዳውን በከፊል መግለጥ ድምፁን ምን እንደሚያደርገው ስለሚያውቅ፣ በዚህ ረገድ ብር ፍሉት ብቻ ከሚያውቀው ሰው ይቀድማል። ጣቶቹን ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ሲያነሡ የሚወጣው የሬ ሜጀር ስኬል (ከሬ ተነሥቶ በተርታ የሚወጣ የኖታዎች መሰላል) ነው። ከዚህ ስኬል ውጭ ካሉት ኖታዎች አብዛኞቹ የሚገኙት አንድ ቀዳዳ ከፍቶ ከበታቹ ያሉትን በመድፈን ነው፤ በዚህ መንገድ የሚወጣ ኖታ ደግሞ ከጎረቤቱ ይልቅ የደበዘዘና የተሸፈነ ይሆናል። ፋ ናቹራል (ያልተለወጠው ፋ) ወደ ላይ ይሸሻል፤ ፋ ሻርፕ (በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለው ፋ) ወደ ታች ያዘነብላል፤ ነፊው በከንፈሩና ፍሉቱን በጥቂቱ በማዞር ሁለቱንም ወደ ቦታቸው መመለስ አለበት።

ይህ አለመመጣጠን ጉድለት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ነው የሁለቱ አጨዋወቶች ክርክር ሁሉ የሚሽከረከርበት። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሠሪዎች ጉድለት ነው ብለው አስወገዱት፤ ለብራምስና ለቻይኮቭስኪ ኦርኬስትራም ማስወገዳቸው ትክክል ነበር። እኔ ግን ከእነዚህ ወራት በኋላ በቪቫልዲ ላይ የደረስኩበት ድምዳሜ ቁርጥ ያለ ነው፦ አለመመጣጠኑ የሙዚቃው አካል ነው፤ ሲወገድ ከኮንቼርቶዎቹ ውስጥ አብሮ የሚወገድ ነገር አለ።

ይህን በግልጽ ያሳየኝ ሁለተኛው ኮንቼርቶ፣ ‹ሌሊት› የሚል ስያሜ የተሰጠው ነው። የተጻፈው በሶል ማይነር ነው። ሶል ማይነርን ማይነር የሚያደርገው፣ ሐዘኑን የሚሸከመው ኖታ ሲ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው ሲ) ነው፤ በባለ አንድ ቁልፉ ፍሉት ላይ ደግሞ ሲ ፍላት ከተሸፈኑት ኖታዎች አንዱ ነው። በብር ፍሉት ስጫወተው ሲ ፍላት ከሶልና ከሬ ጋር እኩል እያበራ ስለሚወጣ፣ ጨለማውን ለመፍጠር ድምፄን ሆን ብዬ ማሳነስና ቫይብሬቶዬን (የድምፄን መርገብገብ) መቀነስ ነበረብኝ፤ ማለትም መሣሪያው ያልሰጠኝን ስሜት እኔው ከላይ እጨምርበት ነበር። በትራቬርሶው ግን ከሶል ወደ ሲ ፍላት ስወጣ ምንም ሳልጨምር ብርሃኑ ይቀንሳል፤ ወደ ሬ ስደርስ እንደገና ይገለጣል። በሦስት ኖታ ውስጥ ጥላና ብርሃን ተፈራረቁ ማለት ነው። ‹መናፍስት› የሚለው ፈጣን ክፍል ሲመጣ እነዚህ ግልጽና ድብዝዝ ኖታዎች በፍጥነት እየተቀያየሩ ስለሚወጡ ዜማው ራሱ አንዴ የሚታይ አንዴ የሚሰወር ይመስላል። ‹እንቅልፍ› የተባለው ቀስተኛ ክፍል ደግሞ ከረጃጅም ኖታዎች በቀር ብዙም የለውም፤ በብር ፍሉት ስጫወተው ሁልጊዜ ባዶ ሆኖ ይሰማኝና በቫይብሬቶ እሞላው ነበር። በትራቬርሶው እያንዳንዱ ረጅም ኖታ ከቀዳሚው የተለየ ቀለም ስላለው አኮርዱ (አብረው የሚሰሙት የአጃቢ ኖታዎች ስብስብ) በተለወጠ ቁጥር የድምፁ ባሕርይም አብሮ ይለወጣል፤ ማስዋቢያ አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ኮንቼርቶ በትንሽ ዘማሪ ወፍ ስም የተጠራ ሲሆን የተጻፈው በሬ ሜጀር፣ ማለትም መሣሪያው በተፈጥሮው በሚያውቀው ስኬል ነው። ስለዚህ የወፏ ጥሪዎችና ትሪሎች (ሁለት ጎረቤት ኖታዎች በፍጥነት ሲፈራረቁ) ከሁሉም በላይ በነፃነትና በብርሃን ይወጣሉ። ‹ሌሊት›ን ተጫውቶ ወዲያው ወደዚህ መሻገር ከተዘጋ ክፍል ወደ ሜዳ እንደ መውጣት ነው። በዘመናዊው ፍሉት ሁለቱም ኮንቼርቶዎች በአንድ ዓይነት ጥራት ስለሚደምቁ የኪይ (ድርሰቱ የተጻፈበት ስኬል) ምርጫው የወረቀት ጉዳይ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

በፋ ሜጀር የተጻፈው የመጀመሪያው፣ ‹የባሕር ማዕበል›፣ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ፋ ናቹራልና ሲ ፍላት በየመስመሩ ይመላለሳሉ፤ ፍጥነቱም ከፍተኛ ነው። ትግሉ ራሱ የማዕበሉ ክፍል ነው የሚሉ የባሮክ አጨዋወት አፍቃሪዎች አጋጥመውኛል፤ እኔን ግን አላሳመኑኝም። አድማጭ መስማት ያለበት የባሕሩን ትግል እንጂ የነፊውን ጣት ትግል አይደለም። ይህን ኮንቼርቶ በትራቬርሶ በእውነት በሚያስደንቅ ሁኔታ የሚጫወቱ ባለሙያዎች አሉ፤ እንደ እኔ ላለ መካከለኛ ተጫዋች ግን ዛሬም ቢሆን የብሩ ፍሉት ይሻላል፤ ለዚህ ኮንቼርቶ ወደ እሱ እመለሳለሁ። እዚህ ላይ መታወስ ያለበት አንድ ነገር አለ፦ ከስድስቱ ውስጥ አብዛኞቹ ቪቫልዲ አስቀድሞ ለሌላ ስብስብ የጻፋቸው ናቸው፤ አምስተኛው ለምሳሌ መጀመሪያ ለሪኮርደር (ወደ ፊት ቀጥ ተብሎ ለሚነፋው ፍሉት) የተጻፈ ነበር። አቀናባሪው ራሱ ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው እንዲህ ካሻገራቸው፣ ዘመናዊ ፍሉት የያዘን ሰው ‹ይህ ሙዚቃ ያንተ አይደለም› ለማለት ማንም ሥልጣን ያለው አይመስለኝም።

ከድምፁ ቀለም ቀጥሎ ብዙ ያስተማረኝ የምላስ አጠቃቀም ነው። የፕሩሲያው ንጉሥ የዳግማዊ ፍሬድሪክ የፍሉት መምህር የነበረው ዮሐን ዮአኪም ክቫንትስ በ1752 ባሳተመው መጽሐፉ ኖታዎች ሁሉ በአንድ ዓይነት ‹ቱ› እንዲመቱ አይፈልግም፤ ለጠንካራው ‹ቲ›፣ ለለዘብተኛው ‹ዲ›፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ለሚሄዱት ‹ቲሪ› ይላል። ይህን በብር ፍሉት ስሞክረው ልዩነቱ ለራሴ ጆሮ እንኳ እምብዛም አይሰማም ነበር። የትራቬርሶው ትንሽ መንፊያ ቀዳዳ ግን ለምላስ በጣም ቅርብ ነው፤ ‹ቲሪ› ስል ሁለተኛው ኖታ ከመጀመሪያው ጋር ተደግፎ ሲቆም በግልጽ ይሰማል፤ አንድ ረጅም የአሥራ ስድስተኛ ኖታዎች መስመርም ንግግር ይሆናል። ቫይብሬቶም እንዲሁ ነው። የፈረንሳዩ ፍሉት ነፊ ኦተቴር በ1707 ባሳተመው መመሪያ የገለጸው ማርገብገብ በትንፋሽ ሳይሆን በጣት፣ የቀዳዳን ጠርዝ ደጋግሞ በመንካት የሚደረግ ጌጥ ነው፤ ለተመረጡ ረጃጅም ኖታዎች ብቻ የሚውል እንጂ ዘወትር የሚሰማ አይደለም። ድምፁ ከኖታው ወደ ታች እያለ የሚመለስ ስለሆነ ከዘመናዊው ቫይብሬቶ በጣም ይለያል።

ከሌሎች ጋር ለመጫወት ሲመጣ ግን ችግሩ ይጀምራል። የመሣሪያው ድምፅ አነስተኛ ነው፤ የብረት አውታር ባላቸው ቫዮሊኖች መካከል፣ በተለይ በዝቅተኛው ኦክታቭ፣ ይዋጣል። እንደ በገና አውታር ከአንጀት የተሠሩ አውታሮች ያሏቸው ቫዮሊኖች፣ ለየመስመሩ አንድ አንድ ተጫዋች ብቻ ሆነው ከሐርፕሲኮርድ (ከፒያኖ በፊት ከነበረው የኪቦርድ መሣሪያ) ጋር ሲያጅቡት ግን ሚዛኑ ይስተካከላል። ከዚያም በላይ 415 ከዛሬው የተለመደ ቅኝት ከ440 በግማሽ ድምፅ ያህል ዝቅ ስለሚል፣ አጃቢዎቹ በሙሉ ቅኝታቸውን ማውረድ አለባቸው፤ ፒያኖ ደግሞ ይህን አያደርግም። ይህን መሣሪያ ለሚገዛ ሰው በቅድሚያ የምነግረው ይህን ነው፦ አብረውት የሚጫወቱ ሰዎች ከሌሉት አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ይሆናል።

415 ራሱም የተቀደሰ ቁጥር አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የባሮክ ሙዚቀኞች አብረው ለመሥራት እንዲያመቻቸው የተስማሙበት መለኪያ ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የድምፅ ከፍታ ከከተማ ከተማ ይለያይ ስለነበር ለፍሉት የተለያየ ርዝመት ያላቸው ተለዋጭ መካከለኛ ክፍሎች ይሠሩለት ነበር። የቪቫልዲ ከተማ ቬኒስ ደግሞ ከፍ ባለ፣ ለዛሬው 440 በቀረበ ቅኝት የምትታወቅ ነበረች። ስለዚህ እነዚህን ኮንቼርቶዎች በ415 የሚጫወት ሰው በዚህ በኩል ከብር ፍሉት ተጫዋቹ ይልቅ ከቬኒስ ይርቃል። የባሮክ አጨዋወትን የምወደው የታሪክ እውነት ማስረጃ ስለሆነ ሳይሆን የሙዚቃውን ውስጥ ስለሚገልጥልኝ ነው፤ ሁለቱን ማምታታት ለአጨዋወቱም አይጠቅመውም።

ኦፐስ 10ን ለማወዳደር ለሚፈልግ አድማጭ፣ ሰቬሪኖ ጋዜሎኒ ከኢ ሙዚቺ ጓድ ጋር በዘመናዊ ፍሉት የቀዳውንና ስቲቨን ፕሬስተን በክሪስቶፈር ሆግዉድ ይመራ ከነበረው የአካዳሚ ኦፍ ኤንሸንት ሚዩዚክ ጓድ ጋር በባሮክ ፍሉት የቀዳውን አከታትሎ መስማት ጥሩ መነሻ ነው። ‹እንቅልፍ›ን ከሁለቱም መስማቱ ብቻ ከላይ ያልኩትን ለመፍረድ ይበቃል።

ያልጠበቅኩት ጥቅም የተገኘው በብር ፍሉቴ ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው ስሸጋገር ከንፈሬ ይደናገር ነበር፤ ትራቬርሶው ቀጭንና ዝግ ያለ ትንፋሽ ይፈልጋል፤ በብሩ ፍሉት ልማድ ሲነፋ ወዲያው ወደ ላይኛው ኦክታቭ ይዘላል። ሁለቱን በአንድ ቀን ውስጥ ለመጫወት ወራት ወስዶብኛል። አሁን ግን በብሩ ላይ ሲ ፍላትን ስነፋ ጆሮዬ የት እንደሚያስቀምጠው ያውቃል፤ ምላሴም ‹ቲ›ንና ‹ዲ›ን ሳልጠራው ይለያል። ላ ፍላት ከሶል ሻርፕ ትንሽ ከፍ ብሎ መሰማት እንዳለበትም የተማርኩት ከዚህ ፍሉት ነው፤ በቦም ፍሉት ሁለቱ አንድ ቁልፍ ናቸው።

መሣሪያውን ለማን እንደምመክረው እንዲህ ልበል። የብር ፍሉትን ለጥቂት ዓመታት የተጫወተና የባሮክ ሙዚቃ የሚወድ ሰው፣ ውድ የእንጨት ፍሉት ከማዘዙ በፊት ይህን ወይም ይህን የመሰለ የፕላስቲክ ቅጂ ቢገዛ ገንዘቡ አይባክንም፤ ድምፁ ከእንጨቱ ሙቀት ቢያንስም ቅኝቱ የታመነ ነው፤ የጣት አያያዙም ያው ነው። ጀማሪ ግን መምህር ሳይኖረው ባይገዛው እመርጣለሁ፤ ከመሣሪያው ባሕርይ የመጣውን የኖታ መዛባት ከራሱ ስሕተት መለየት ይቸግረዋል። እኔ በበኩሌ ‹ሌሊት›ንና የወፏን ኮንቼርቶ በትራቬርሶው፣ ‹የባሕር ማዕበል›ን በብሩ ፍሉት መጫወቴን እቀጥላለሁ፤ ቀጥሎ የማጠራቅመው ገንዘብ ደግሞ ለእንጨት ፍሉት ነው፤ ከተቻለም 415 እና 440 የሚቃኙ ሁለት ተለዋጭ መካከለኛ ክፍሎች ላሉት።