ከመስታወቱ ጀርባ ለምትቀመጠው ሴት ምስጋና፣ ለወገን ደግሞ ጥቆማ

አባባ ትናንት ማታ እራት ላይ «ጨው አነሰው» አሉኝ። እኔም ምንም እንዳልተፈጠረ ጨው ላመጣ ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁና ማቀዝቀዣውን ተደግፌ አለቀስኩ። ስመለስ «ምነው ቆየሽ?» አሉኝ። ያን ሁሉ ወር ዝምታቸውን ላላየ ሰው ይህ ምንም አይደለም። እኔ ግን ንግግራቸው እንዲመለስ ለረዳችው የንግግር ሕክምና ባለሙያ ይህን ምስጋና ዛሬ ካልጻፍኩት መቼም እንደማልጽፈው ስላወቅሁ፣ ሳህኑን ሳላጥብ ተቀምጫለሁ።

አባቴ 74 ዓመታቸው ነው። ደብረ ታቦር ተወልደው፣ በልጅነታቸው ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደግመው፣ በኋላ አስኳላ ገብተው 31 ዓመት አማርኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ዘንድ መጡ። ያለፈው ዓመት የጥምቀት ማግስት ጠዋት ቡናቸውን ሊቀበሉኝ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ እጁ ሲኒውን አልጨበጠም። «አባባ ምን ሆኑ?» ስላቸው ከአፋቸው የወጣው ድምፅ ቃል አልነበረም። ስትሮክ ነው ተባልን። ነፍሳቸው ተረፈች፣ እግራቸውም ቀስ በቀስ መርገጥ ጀመረ። ንግግራቸው ግን ጠፋ። ስማቸውን ሲጠየቁ አፋቸውን ከፍተው፣ ቃሉን ከየት እንደሚያመጡት ሲፈልጉ ቆይተው «እንትን... እንትን...» ይሉና ግንባራቸውን በመዳፋቸው ይመታሉ። ተማሪዎቻቸውን «እንትን የሚባል ቃል በእኔ ክፍል የለም» እያሉ ይቆጡ የነበሩ ሰው ናቸው እኮ።

ከዚያ በኋላ ስለዞርንባቸው ቦታዎች ስም አልጠራም፤ ለእነሱም ልቦና ይስጣቸው። አንዱ ቦታ አስተርጓሚ በስልክ አቀረቡልን። አስተርጓሚው «የሚሉት አይገባኝም» ሲል ባለሙያዋ «ታካሚው ግራ ተጋብተዋል» ብላ መዘገበች። ግራ የተጋባው ማን እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል። ሌላው ቦታ የሥዕል ካርዶች ደረደሩላቸው፤ ከሥዕሎቹ አንዱ ከበረዶ የተሠራ ክብ ቤት ነበር። ደብረ ታቦር ላይ በረዶ ሰብል ያጠፋል እንጂ ቤት አይሠራበትም! ያንን አልመለሱም ተብሎ ነጥብ ተያዘባቸው። ሰዓቱን በየአምስት ደቂቃው የሚያይ ባለሙያም አጋጥሞናል።

ከሁሉ የከፋው ግን «በቤት ውስጥ አማርኛውን ተዉት፣ በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሯቸው፤ ሁለት ቋንቋ ያደናግራቸዋል» ያለን ነው። እኔም ሰማሁት። ሦስት ሳምንት ሙሉ አባቴን በገዛ ቤታቸው በባዕድ ቋንቋ አናገርኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መተኛት ጀመሩ። ይህንን ለራሴ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም። በመጨረሻ «ከዚህ በላይ ለውጥ አይጠበቅም» ብለው ወረቀት ሰጥተው ሸኙን።

ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እህት ናት ወደ ዩኒቨርሲቲ ክሊኒክ የመራችኝ። የንግግርና የቋንቋ ሕክምና የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች ሕዝብ የሚታከምበት ክሊኒክ እንዳላቸው፣ የሚያክሙትም የማስተርስ ተማሪዎች እንደሆኑ ነገረችኝ። ተማሪ የሚለውን ስሰማ ደሜ ፈላ። «አሁን ደግሞ በአባቴ ሊለማመዱ ነው?» አልኩ። ደውዬም ይህንኑ በእንግሊዝኛ፣ ትንሽ ለስለስ አድርጌ ተናገርኩ። ስልኩን ያነሳችው የክሊኒኩ ሱፐርቫይዘር፣ የተማሪዎቹን ሥራ የምትከታተለው ባለሙያ ነበረች፤ ይህ ምስጋናም ለእሷ ነው። አልተቆጣችም። ተማሪዎቹ ለመመረቅ 400 ሰዓት የተግባር ሥራ መሙላት እንዳለባቸው፣ ከዚያም 25ቱ ቁጭ ብሎ መመልከት ብቻ እንደሆነ፣ ተማሪዋ ከታካሚ ጋር ከምታሳልፈው ጊዜ ቢያንስ ሩቡን ፈቃድ ያለው ባለሙያ በዓይኑ መከታተል እንዳለበት አስረዳችኝ። «እኔ ግን ሙሉውን እቀመጣለሁ» አለች። እውነቷን ነበር። በሰባት ወር ውስጥ ሕክምናውን ከምትከታተልበት መስታወት ጀርባ አንድም ቀን አልጠፋችም።

(በዕድሜ ከእኔ በብዙ ትበልጣለች፤ «አንቱ» ልላት በተገባ ነበር። በእንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለ «አንቺ» እንዳልኳት ቀርቷል። ይቅር ትበለኝ።)

የመጀመሪያውን ቀን ልንገራችሁ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንዱ ግድግዳ ከውስጥ መስታወት የሚመስል፣ ከወዲያ በኩል ግን የሚያሳይ ነው። ተማሪዋ ልጅ እግር ናት፤ እጆቿ ይንቀጠቀጣሉ። የማበጠሪያ፣ የቁልፍ፣ የሰዓት ሥዕል ያለበት ካርድ እያሳየች ትጠይቃለች። አባባ ያያሉ፤ ያውቁታል፤ ስሙ አይመጣም። እንደገና ግንባራቸውን መምታት ጀመሩ። ይሄኔ በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተና ሱፐርቫይዘሯ ገባች። ካርዶቹን አልነካችም። ወንበር ስባ ከአባባ ዓይን ዝቅ ብላ ተቀመጠችና ወደ እኔ ዞረች። የማይችሉትን ነገር አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ «ጠዋት ሲነሱ፣ ከሰው ጋር ከመነጋገራቸው በፊት የሚሉት ነገር አለ?» ብላ ነው።

«ይጸልዩ ነበር» አልኳት።

«ጀምሪላቸው» አለችኝ።

አፈርኩ። ሁለት ፈረንጆች ፊት፣ በዚያ ነጭ መብራት ሥር። ግን አማተብኩና «አቡነ ዘበሰማያት» አልኩ። አባባ ቀና አሉ። «ይትቀደስ ስምከ» አሉ። «ትምጻእ መንግሥትከ፣ ወይኩን ፈቃድከ...» ድምፃቸው የራሳቸው፣ የድሮው፣ ክፍል የሚሞላው ድምፅ ነበር። እኔ መሐል ላይ ግዕዙ ጠፋኝና አቆምኩ። እሳቸው አላቆሙም፤ አንዲት ፊደል ሳይጥሉ እስከ መጨረሻው ዘለቁት። ሲጨርሱ በግራ እጃቸው ቀኝ እጃቸውን ደግፈው አማተቡ። ከዚያ የራሳቸውን ድምፅ የሰሙት ያኔ ይመስል አለቀሱ። ተማሪዋም አለቀሰች። ሱፐርቫይዘሯ ግን መሐረብ አቀበለቻቸውና ለተማሪዋ በጆሮዋ የሆነ ነገር ብላ ተነስታ ወጣች። ወጣች! እኔ ብሆን ኖሮ «አያችሁ?» እያልኩ እስከ ማታ እዚያው እቆም ነበር።

እንዴት ሊሆን ቻለ ብላችሁ አትጠይቁኝ። እንዳስረዳችኝ ከሆነ በቃል የተያዘ ነገር፣ ጸሎትም መዝሙርም ቁጥርም፣ አዲስ ቃል ፈልጎ ከመናገር በተለየ መንገድ ስለሚወጣ ብዙ ጊዜ ከጉዳቱ ይተርፋል። ቃሉ ተያዘባቸው እንጂ አእምሯቸው እንዳልጠፋ ደጋግማ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሥዕል ሥላ ሁሉ አሳይታኝ ነበር፤ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ እንጂ አልገባኝም። አማርኛውን ተዉ መባላችንን ስነግራት ግን ፊቷ ተለወጠ። «ዛሬውኑ መልሱላቸው» አለች።

ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ተመላለስን። በሳምንቱ የሥዕል ካርዱ ሁሉ ቀረ፤ በምትኩ «ከቤት የሚወዱትን ዕቃ አምጪ» ተባልኩ። ጀበና፣ ሲኒ፣ ጭራ፣ ጋቢ፣ ቆዳው የተላላጠ ዳዊታቸውን በዘንቢል ይዤ ሄድኩ። ጥበቃው ዘንቢሉን ከፍቶ ሲያይ ምን እንዳሰበ እንጃ። ተማሪዋ የእያንዳንዱን ስም ከእኔ ተምራ በደብተሯ ጻፈች፤ «ጭራ» ማለት አቅቷት ስትቸገር አባባ ሳቁ፤ ደጋግመውም «ጭ! ጭ!» እያሉ አረሟት። ከስትሮኩ ወዲህ ሰው ሲያርሙ ያየኋቸው የዚያን ቀን ነው። በኋላ ነው የገባኝ፤ ሱፐርቫይዘሯ ተማሪዋን «ይሳቁብሽ፣ ያስተምሩሽ» ብላ አስቀድማ መክራት ኖሯል።

ሌላም ነገር አስተምራታለች። ተማሪዋ ጥያቄ ጠይቃ መልሱ ሲዘገይ ቶሎ ብላ ቃሉን የማቀበል ችግር ነበረባት፤ እኔም አለብኝ። አንድ ቀን ጠይቃ ዝም አለች። ዝቅ ብዬ ሳይ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በጣቶቿ ትቆጥራለች፤ እስከ አሥር ሳትደርስ እንዳትናገር ታዝዛለች። ለካ አባባም አይተዋታል። ስምንተኛው ጣት ላይ ስትደርስ «ስምንት!» አሏት። ከዚያ «ዘጠኝ፣ አሥር» ብለው ጨረሱላት። ከመስታወቱ ጀርባ የሳቅ ድምፅ ሰማን። ያ ክፍል ድምፅ እንዳያሳልፍ ተደርጎ የተሠራ ነው ተብዬ ነበር።

አንድ ጊዜ «አንቺ ይህን ያህል እያወቅሽ ለምን ራስሽ አታክሚያቸውም?» አልኳት። «እኔ ከገባሁ እሷ መቼ ትማራለች?» አለችኝ። መልሱ ያን ጊዜ ብዙም አልጣመኝም። ያስረዱኝ አባባ ናቸው፤ በአራተኛው ወር ገደማ ወደ መስታወቱ በጣታቸው አመልክተው «የኔታ» አሉ። ቃሉ የተምታታባቸው መሰለኝ፤ አንዳንዴ በሩን መስኮት ይላሉና። «የኔታ!» ብለው ደገሙልኝ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን በእጃቸው እያሳዩ። ያን ጊዜ ድሮ ያወሩልኝ ነገር መጣልኝ። በቄስ ትምህርት ቤት ትልቁ ተማሪ ትንሹን ያስጠናል፤ የኔታ ደግሞ ጥግ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ፤ የተኙ ይመስላል፤ ከሃያ ልጅ ጫጫታ መሐል አንዷ ፊደል ስትሳሳት ግን ከተቀመጡበት ያርማሉ። አባባ ያችን ሴት ከእኔ በፊት አውቀዋታል።

ሙሉ በሙሉ ዳኑ አልላችሁም። ሲደክማቸው ዛሬም «እንትን» ይመጣል፤ እኔንም በእህታቸው ስም ይጠሩኛል። ግን ደብረ ታቦር ለአጎቴ ደውለው ስለ ዝናቡ ይጠይቃሉ፤ ጨው ማነሱንም ይነግሩኛል።

አሁን ወደ ጥቆማው። ቤተሰባችሁ ውስጥ በስትሮክ ንግግሩ የተያዘ ሰው ካለ፣ ወይም አፉን ለመፍታት የዘገየ ልጅ ካላችሁ፣ «ተማሪ ነው የሚያክመው» ተብላችሁ አትሽሹ፤ እባካችሁ አትሽሹ። ከተማሪው ጀርባ ማን እንደተቀመጠ ጠይቁ። በእኛ አካባቢ በኮሌጅ ፓርክ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ በዋሽንግተን ደግሞ የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ ክሊኒክ አላቸው፤ በየግዛቱም አሉ። እኛ የከፈልነው ከሌላው ቦታ ጋር አይወዳደርም። አማርኛችሁን ተዉ የሚላችሁን አትስሙ፤ እኔ ሰምቼ ያየሁትን አይታችኋል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ ስላለበት፣ በአካል የሚመጣ እንዲሆን አጥብቃችሁ ጠይቁ።

እኛ የሄድንበት የትኛው እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ሱፐርቫይዘሯን ላመሰግንሽ ነው ስላት «ስሜን ተይው፣ ሥራው የተማሪዋ ነው» ብላኛለች። ተማሪዋ ተመርቃ አሁን የመጀመሪያ ዓመቷን በሌላ ባለሙያ ሥር እየሠራች ነው፤ ለፋሲካ «እንኳን አደረሳችሁ» ብላ ለአባባ በድምፅ ልካላቸዋለች፤ አነጋገሯን አሁንም እያረሙ ነው። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አድራሻውን እሰጣችኋለሁ። ማታ ማታ ዘግይቼ ብመልስ ግን ይቅርታ፤ አባባ ጋር እያወራን ነው።