በአዳማ ፍራንኮ አካባቢ ላሉት አረጋዊ አንጥረኛ የቀረበ ምስጋና

ይህን ምስጋና የምጽፈው በአዳማ ከተማ፣ ፍራንኮ አካባቢ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ለሚሠሩ አረጋዊ አንጥረኛ ነው። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስላሳሰቡኝ አልጽፈውም፤ ሆኖም በሰፈሩ «ሽማግሌው አንጥረኛ» ብሎ የጠየቀ ሰው አያጣቸውም።

አያቴ ሲያርፉ በሻሽ ጫፍ ቋጥረው የኖሩባትን አንዲት የወርቅ ሳንቲም ለእናቴ ተዉላት። በአንደኛው ፊቷ ዘውድ የጫነ፣ በሌላኛው ራሱን በጨርቅ የሸፈነ ንጉሥ በሁለት የእህል ዘለላዎች መካከል ይታያል፤ በዙሪያው ካለው የግሪክ ጽሑፍ መካከልም መስቀል አለ። የአክሱም ትሆናለች ብለን ብንገምትም የሚያረጋግጥልን ሰው ፍለጋ ብዙ ተንከራተትን።

የመጀመሪያው ወርቅ ቤት ሚዛን ላይ ወርውሯት 1.4 ግራም ስትሆን ስልኩን አወጣና «የአክሱም ወርቅ 2.7 ግራም ነው፤ ይህቺ ፎርጅድ ናት» አለን። ሁለተኛው ሳያስፈቅደን ሞረድ አነሣ፤ እናቴ ባትጮህ ኖሮ ጠርዟን ሊሞርደው ነበር። ሦስተኛው ሐሰተኛ ናት ብሎ ካሰናበተን በኋላ ከበር ጠርቶ በግራም ሒሳብ ልግዛችሁ አለ። ሐሰተኛ ከሆነች ለምን እንደሚገዛት ስጠይቀው ዝም አለ።

እኚህ አባት ግን አስቀድመው እጃቸውን ታጠቡ፤ ከዚያም ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ዘርግተው ሳንቲሟን እናቴ ራሷ እንድታስቀምጣት ጠየቁ። አሲድም ሞረድም አላነሡም። በአጉሊ መነጽር ረዘም ላለ ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ በውኃና በሚዛን አንድ ነገር ሠሩ፤ ምን እንደሆነ አልገባኝም። ከዚያ ቀና ብለው እናቴን «ልጄ፣ ክብደቷ ስለጎደለ ብቻ ሐሰተኛ አትባልም» አሏት። 2.7 ግራም ገደማ የሚመዝኑት እንደ ንጉሥ እንዱቢስ ያሉ ቀደምት ነገሥታት ያስመቱት መሆናቸውን፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ የወጡት ግን ወደ 1.6 ግራም ዝቅ ማለታቸውን አስረዱን። «መስቀል ኖሯት 2.7 ብትመዝን ነበር የምጠራጠራት» ብለው ሣቁ። የቀረውን ጉድለትም በመነጽሩ አሳዩን፤ በአንድ በኩል ጠርዟ በጥንት ዘመን ተቆርጦ፣ ቁራጩ የነበረበት ቦታ በእጅ ብዛት ለስልሷል።

በወጣትነታቸው አክሱም ሙያ ተምረው ስለነበር እንዲህ ዓይነት ሳንቲም ከዚያ በፊት በእጃቸው ይዘው ያውቃሉ። ያም ሆኖ «እኔ ወርቅነቷን እመሰክራለሁ፤ ጥንታዊነቷን ግን የቅርስ ባለሙያዎች ይመስክሩ፤ ከሀገር እንዳትወጣ፣ እንዳትቀልጥም አደራ» ብለው ወደ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን እንድንሄድ መከሩን። ሄድን፤ የተመለከቷት ባለሙያ የሰጡን መልስ ከእሳቸው ቃል አልራቀም፤ አሁን ምዝገባዋን እየጨረስን ነው።

ሒሳብ ስንጠይቃቸው እጃቸውን አወዛወዙ። እናቴ በሳምንቱ አንድ ኪሎ ቡና ይዛላቸው ብትሄድ ግማሹን ተቀብለው ግማሹን መለሱላት።

ከአያት ከቅድመ አያት የወረሳችሁት ወርቅ ያላችሁ ሰዎች፣ ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት እባካችሁ ወደ እኚህ አባት ሂዱ፤ ደግሜ እላለሁ፣ ሂዱ። እሑድ አይሠሩም፤ በሌሎቹ ቀናት ጠዋት ጠዋት ይገኛሉ።