«ዊዝ ፕሌዠር» ወይስ «ማይ ፕሌዠር»?

ጎንደር ውስጥ በአስጎብኚነት ወይም በሆቴል መስተንግዶ ለሚሠራ ሰው እነዚህ ሁለት የእንግሊዝኛ አባባሎች ከአፍ አይጠፉም። ሁለቱም ደስታን ይገልጻሉ። ቦታቸው ግን ለየቅል ነው።

«ዊዝ ፕሌዠር» የሚባለው ሥራው ከመሠራቱ በፊት ነው። ፋሲል ግቢ ውስጥ አንዲት እንግዳ ስልኳን ዘርግታ ፎቶ እንድታነሳት ብትጠይቅህ፣ ስልኩን እየተቀበልክ «ዊዝ ፕሌዠር» ትላለህ። የኛው «እሺ፣ በደስታ» ነው።

«ማይ ፕሌዠር» የሚመጣው ከምስጋና በኋላ ነው። ፎቶው ተነስቶ፣ ስልኩ ተመልሶ፣ እንግዳዋ «ታንክ ዩ» ስትል ያኔ ነው ተራው። «ምንም አይደል» ከማለት ትንሽ ይለያል። «ምንም አይደል» ድካሙን ያቃልለዋል፤ «ማይ ፕሌዠር» ግን ማገዜ ራሱ አስደስቶኛል ይላል። እኔ ለእንግዳ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። በተለይ በጥምቀት ሰሞን፣ ከተማዋ በሰው ስትጨናነቅና ሁሉም ሲቻኮል፣ ይህችን አንዲት ቃል ረጋ ብሎ መመለስ እንግዳውን ዘና ታደርገዋለች። ለቅርብ ጓደኛ ግን ወግ ይበዛባታል፤ «ኖ ፕሮብለም» ይበቃል።

ለ«ታንክ ዩ» «ዊዝ ፕሌዠር» ብሎ መመለስም ይሰማል። ሰሚው ይረዳሃል፤ ግን ጆሮ ላይ ይጎረብጣል።

አጠራሩም ላይ ጠንቀቅ ነው፦ «ፕሌዘር» ሳይሆን «ፕሌዠር»፣ «ዠ»ዋን ጥርት አድርጎ።

እንግዳው ሻንጣውን ይዞ ሲሰናበትህስ? ያኔ «ኢት ዋዝ ኤ ፕሌዠር» በለው።