ሴፍቲኔት በሐዋሳ፦ ሠርቶ መቀበል ወይስ ቀጥታ ድጋፍ?

የከተማ ድሆችን በገንዘብ የሚደግፈው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሐዋሳን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲጀመር ለድሃ ቤተሰብ ሁለት በር ነበረው።

ሠርቶ መቀበል፦ ቦይ ጠረጋ፣ ቆሻሻ ማንሳት፣ ችግኝ ተከላ። የቀሩበት ቀን አይከፈልም። ከክፍያው 20 በመቶው ይቆጠባል፤ ይህ ከሦስት ዓመት በኋላ ለሚጀመረው የግል ሥራ መነሻ ነው፤ ትልቁ ጥቅሙም እሱ ይመስለኛል። ጉዳቱ፦ ጉሊት ያላት እናት ቦይ ስትጠርግ ገበያዋ ያልፋታል።

ቀጥታ ድጋፍ፦ ሥራ አይጠየቅም። ቁጠባም ሆነ ወደ ግል ሥራ መሸጋገሪያ ግን የለውም፤ ዋጋ ሲንር ብሩ ወዲያው ይሳሳል።

መሥራት የሚችል ሰው ካለ የመጀመሪያው ያዋጣል። አረጋውያን ወይም ጽኑ ሕሙማን ብቻ ላሉበት ቤት ሁለተኛው። ነፍሰ ጡር ለጊዜው ወደ ቀጥታ ድጋፍ መዛወር ስለምትችል ከመቅረቷ በፊት ለቀበሌው ታሳውቅ።