ለጋሼ ሻማ ምስጋና፣ ሕንፃ ለምታስተዳድሩ ደግሞ ጥቆማ

ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩም አልነሳ አለ። የማስተዳድረው መገናኛ አካባቢ ያለ ባለ ስድስት ፎቅ የንግድ ሕንፃ ነው፤ ልብስ ቤቱም፣ ክሊኒኩም፣ ስልክ ጠጋኞቹም አንድ ደረጃ ይጋራሉ። በዚያ ጨለማ ከሦስተኛ ፎቅ ሲወርዱ የነበሩ አንዲት እናት ደረጃ ስተው ወደቁና የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። በደረጃው ላይ ሦስት የአደጋ ጊዜ መብራቶች፣ ማለትም ኃይል ሲቋረጥ በራሳቸው ባትሪ የሚበሩ፣ ተሰቅለዋል። አንዱም አልበራም።

ጠዋት ሄጄ ሳያቸው ሦስቱም ላይ አረንጓዴዋ ነጥብ ቦግ ብላለች። በየዓመቱ የሚለጠፍባቸው «ተፈትሿል» የሚል ወረቀትም በቦታው አለ። ወረቀቱን የሚለጥፈው ድርጅት ስድስቱን ፎቅ አዳርሶ ለመውጣት ግማሽ ሰዓት ፈጅቶበት አያውቅም። እኔም አንድ ቀን እንኳ ሳልጠይቅ ሂሳቡን ስከፍል ኖሬያለሁ።

እኚህን ባለሙያ ያገኘኋቸው ከዚያ በኋላ ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስለማይወዱ የሕንፃው ልጆች ባወጡላቸው ስም ጋሼ ሻማ ልበላቸው። መጀመሪያ ቀን መሰላል ተሸክመው ይመጣሉ ብዬ ስጠብቅ ባለካሬ ደብተር፣ እርሳስና የእጅ ሰዓት ብቻ ይዘው መጡ።

«አረንጓዴዋ የምትነግርህ ከቆጣሪ ኃይል እየደረሰ መሆኑን ነው። ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ የሚታወቀው ኃይሉ ሲቋረጥ ነው፤ እሑድ ልምጣ» አሉኝ።

ሁሉንም በአንድ ቀን አልፈተሹም። በሙሉ የተፈተሸ ባትሪ ባዶ ይሆናል፤ እስኪሞላ አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል፤ በመሀል መብራት ቢጠፋ ሕንፃው እርቃኑን ነው። ስለዚህ አንድ እሑድ የታችኞቹን ሦስት ፎቆች፣ በሚቀጥለው የላይኞቹን ያዙ። የየፎቁን ብሬከር አጥፍተው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። አሜሪካ ውስጥ በዓመታዊው ፍተሻ ለ90 ደቂቃ ማብራት ይበቃል እንደሚባል ነገሩኝና፣ «የአንተ መብራት ግን ጀርባው ላይ 3 ሰዓት ይላል፤ ያለውን ያድርግ» አሉ። አንዱ በጠፋ ቁጥር በእጅ ባትሪ እያዩ ይጽፋሉ፦ ቁጥር 7፣ 4 ደቂቃ። ቁጥር 12፣ አልበራም። ቁጥር 15፣ 38 ደቂቃ። ከሕንፃው 24 የአደጋ ጊዜ መብራቶች ሦስት ሰዓት የጨረሱት 9 ብቻ ነበሩ። አንዱን ከፍተው ሲያሳዩኝ ባትሪው አብጦ ጫፉ ላይ ነጭ ጨው መሳይ ነገር አውጥቷል። ሳይሠራ ተሰቅሎ ቢቀመጥም ባትሪ ያረጃል፤ ጣሪያው ሥር ሙቀት ያለበት ደግሞ ይብሳል።

ቁጥር 12 ጨርሶ ያልበራው ታሞ አልነበረም። ቡና የምታፈላው ልጅ ሶኬቱን ለምድጃዋ ወስዳዋለች። ሰኞ ዕለት ጋሼ ሻማ ቡናዋን ጠጡ፣ ከፈሉ፣ ከዚያ ነው የተቆጧት። መብራቱን ከመስመሩ ጋር በቀጥታ አስረው ለእሷም ሌላ ሶኬት አወጡላት።

አራተኛ ፎቅ ላይ ያገኙት ግን ሕንፃው ሲሠራ ጀምሮ የነበረ ስህተት ነው። የኮሪደሩን ብሬከር ሲያጠፉ ኮሪደሩ ጨለመ፤ የአደጋ ጊዜው መብራት ግን ዝም አለ። ለካ ኃይል የሚያገኘው ከጥበቃ ክፍሉ ብሬከር ኖሯል። ለእሱ መብራት አልጠፋም!

ወጪውን ስናነሳ አንዳንድ ባለሱቆች «ጄኔሬተር እያለን» ብለው ነበር። ጋሼ ሻማ «እሳት ሲነሳ ኃይል ሁሉ ሊቋረጥ ይችላል፤ ጄኔሬተርህም ያለው ምድር ቤት ነው፤ እሳቱ ከዚያ ቢጀምርስ?» አሉ። በጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል ሌሊቱን ስልክ ይዘው ያደሩ ነጋዴዎች አሉን፤ ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም። ሌሎች ባለሙያዎች 24ቱንም መብራት በአዲስ እንድንቀይር ነግረውን ነበር። እሳቸው የ11 ባትሪ ብቻ ቀየሩ፣ 3 አዲስ አስገዙን፤ በቃ።

ከሁሉ ያሳፈረኝ የሁለተኛ ፎቅ የኋላ በር ነው። በላዩ የሚሮጥ ሰው ያለበት አረንጓዴ ምልክት አለ፤ በሩ ግን በሰንሰለት ታስሯል፤ ቁልፉ ጥበቃው ኪስ ነው፤ ጥበቃው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። «መብራቱን አበራልሃለሁ፤ ሰውን የሚወስደው ግን ወደዚህ ቁልፍ ነው» አሉና ሰንሰለቱ ሳይነሳ የዚያን ባትሪ አልቀይርም ብለው መሰላላቸውን ሰበሰቡ። አሁን በሩ ከውስጥ ሲገፋ ይከፈታል።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስልካቸውን እሰጣለሁ። ፈቃድ አላቸው፣ ደረሰኝ ይቆርጣሉ። ቁጡ መሆናቸውን ከወዲሁ እወቁት። ሥራ ላይ ስልክ አያነሱም፤ ደጋግማችሁ አትደውሉ፣ ማታ ራሳቸው ይደውላሉ።